የከረመ የኮክ እንጨት

ሼፉ የመጀመሪያዋን ቁራጭ አፉ ውስጥ ከተተና ማኘኩን ድንገት አቆመ። አጥንት የነከሰ መስሎኝ ውሃ ላቀርብለት ብድግ ስል፣ በእጁ ይቀመጡ የሚል ምልክት ሰጠኝ። ዓይኑን ጨፍኖ ዋጠ። ሁለተኛዋን አነሳ፤ እሷንም ዋጠ። ከዚያ አፉን በሶፍት ጠረገና፣

«እትዬ፣ ይሄን ፍርምባ በምን እንጨት ጭስ ነው ያበሰሉት?» አለኝ።

እውነቱን ልናገርና አላውቅም ነበር። ለእኔ እንጨት እንጨት ነው። ባለቤቴ በፒክአፑ የሰው ዕቃ ሲያመላልስ ይውልና ዛፍ የተቆረጠበት ደጅ ካየ ይጭናል፤ እኔ እፈልጣለሁ፤ ምድጃው ይበላል። ሥጋውን ከንጋት ጀምሬ፣ ከእሳቱ ራቅ አድርጌ፣ በጭሱ ብቻ ቀስ እያልኩ አበስላለሁ። ጨውና ቁንዶ በርበሬ ነው የምለቀልቀው፤ ሌላ ጣጣ የለኝም። ግን ሰው ፊት «አላውቅም» ማለት ሞቴ ነው።

«በራሴ እንጨት ነዋ» አልኩት።

ሳቀ። ልጅ ነው፤ የትልቁ ሆቴል ዋና አብሳይ ሆኖም ጉራ የለበትም። «እሺ፣ በራስዎ እንጨት። እኔ በየሳምንቱ ለሆቴሉ ልወስድልዎ እፈልጋለሁ። የምፈልገው ግን ይሄንኑ ጣዕም ነው። እንግዳ የበላውን አስታውሶ ነው የሚመለሰው፤ ሌላ ነገር ካቀረብኩለት ሳህኑን ይመልስብኛል። አንድ ጊዜ ይድገሙልኝና ያው ከሆነ ተስማማን።»

«እደግምልሃለሁ» አልኩት፤ እንደማውቀው ነገር።

ምን እንዳስደፈረኝ አይጠፋኝም። ቤቱ የእናታችን ነው። ስትሞት ለእኔና ለታላቅ ወንድሜ እኩል ተወችልን። ከፊት ደንበኛ የሚበላበት ክፍል አለ፤ ከኋላ ደግሞ የጭስ ምድጃዬ ያለበት ክፍል። ምድጃውን ጡብ በጡብ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ጭቃውን እንኳ ያቦካልኝ ሰው የለም። ወንድሜ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ሥራ የፈታ ቦታ ሲያይ ራሱን ያመዋል። የኋላውን ክፍል በግድግዳ ከልሎ፣ በጓሮ በኩል በር አውጥቶ፣ ለመዋቢያ ዕቃ ሻጭ ሊያከራየው ካሰበ ሰነባብቷል። ምድጃዬ ይፈርሳል ማለት ነው። በመጨረሻ ስንጨቃጨቅ ከርመን፣ «ቋሚ ወሳጅ ካገኘሽ አፌን እይዛለሁ። እስከ ወሩ መጨረሻ ካላገኘሽ ግን ግድግዳው ይቆማል» አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። ከዚያ ምድጃ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም፤ ቢኖርም አልፈልገውም።

ሼፉ እንደወጣ ምድጃው ሥር ተንበርክኬ አመዱን በረበርኩ። ጫፏ ብቻ የነደደ አንዲት ጉማጅ ተርፋ አገኘሁ። ቀላ ያለች ናት፤ ከሌላ እንጨት ጋር ሳጋጫት ቃ ትላለች። አጥቤ፣ አድርቄ፣ ባለቤቴ አመሻሽ ላይ ሲገባ እራቱን ከማቅረቤ በፊት አፍንጫው ሥር ያዝኩለት።

«ይቺን ከየት ነው ያመጣሃት?»

አገላበጣት። «ከመንገድ።»

«ከየትኛው መንገድ?»

«መኪና ከሚሄድበት።»

«አትቀልድብኝ፤ ምድጃዬ ሊፈርስ ነው።»

«አንቺ ሴት፣ በቀን ስንት ደጅ እንደምረግጥ ታውቂያለሽ? የጫንኩትን ሁሉ ስም ላወጣለት ነው እንዴ? እንጨት እኮ ነው፤ ልጅ አይደለም።»

በነጋታው ጉማጇን በሽርጤ ኪስ ይዤ ሰፈሩን ዞርኩት። አናጢው አሸተታትና «ጽድ ናት» አለኝ። ጽድማ ብትሆን ሥጋው ሙጫ ሙጫ ባለኝ ነበር። ከሰል ሻጯ «ማንጎ ካልሆነ ከዚህ አልነሳም» ብላ ማለች። ትንሽ ቆይተው እኔን ትተው እርስ በርሳቸው ይነታረኩ ጀመር፤ እሷ የሱን ቁም ሳጥን በር እንደማይገጥም ስታነሳ እኔ ሹልክ ብዬ ወጣሁ።

ነገሩን የፈታልኝ የግድግዳ ጎረቤቴ ዳቦ ጋጋሪው ነው። ከቅንድቡ ላይ ዱቄት ስለማይጠፋ ዱቄቱ ነው የምንለው፤ እሱም እኔን ጭሴ ይለኛል። ጉማጇን በቢላ ፋቅ አደረገና አሸተተ፤ ደግሞ አሸተተ፤ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ኮክ ነው።»

«በምን አወቅህ?»

«የአባቴ አርጩሜ ከኮክ ነበር። እኔ ያንን ሽታ ልረሳው?»

የኮክ ዛፍ ፍለጋ ብዙ አልደከምኩም። ከእኛ ወረድ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ የቆመ ኮክ ቅርንጫፉን የጎረቤት ጣራ ላይ ዘርግቶ ሰው ያጣላ ነበር። እኔና ባለቤቴ መጋዝ ይዘን ሄድን፤ ቆርጠን ስንጨርስ ሁለቱም ጎረቤቶች መረቁን። ጭነን ስንመለስ ግን እንጨቱ እርጥብ ነው። መጋዙ ሲገባበት ውሃው በእጄ ላይ ይወርድ ነበር። እሱን ባነድ ሥጋዬ ሬት ይሆናል፤ ይሄን እንኳ አውቃለሁ።

ዱቄቱ በአጥሩ በላይ አንገቱን አወጣ። «ጭሴ፣ ለዚህ ነው የምትጨነቂው? ዳቦው ከወጣ በኋላ ምድጃዬ እንዲሁ ግሎ ነው የሚቀመጠው። ስጪኝ፤ ውሎ ቢያድርበት ብስኩት አድርጌ እመልስልሻለሁ።»

አልዋሸም፤ ብስኩት አድርጎ መለሰልኝ። ምድጃው ያልበቃውን እርጥብ እንጨት ጓሮ ጥዬ የተጋገረውን ተረከብኩ። ሁሉም ተሰነጣጥቆ፣ ቀልሎ፣ እጅ ላይ እንደ ባዶ ቆርቆሮ ሆኗል። ደስ አለኝ። ደረቅ ይሻላል አይደል? ሥጋውን ሰቅዬ ለኮስኩት። እንደ ወረቀት ቦግ አለ። ጭስ የሚባል የለም፤ ነበልባል ብቻ። የአየር መግቢያውን ብዘጋው ይታፈንና ጥቀርሻ ይተፋል፤ ብከፍተው ይንቦገቦጋል። ቀኑን ሙሉ ስከፍትና ስዘጋ፣ ስለፋ ዋልኩ።

ሼፉ ቀመሰ። ቀስ ብሎ አኘከ፤ ማኘኩንም አላቆመም።

«ሥጋው በስሏል፤ ጨዉም ልክ ነው። ያኛው ግን አይደለም» አለ። «እንጨቱን ያሳዩኝ።»

አንዱን ፍልጥ ሰጠሁት። በሁለት እጁ ይዞ ሲጫነው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ስብራቱን አሸተተ። «ምን አድርጋችሁት ነው?»

ነገርኩት። ዱቄቱ በር ላይ ቆሞ እጁን በሽርጡ ይጠርጋል። ሼፉ ሊስቅ ብሎ ከንፈሩን ነከሰ፤ ስላልሳቀብኝ አመሰገንኩት።

«እትዬ፣ እንጨት በምድጃ ሲደርቅ ሽታውን እዚያው ጥሎ ነው የሚወጣው። ጥላ ሥር ተደርድሮ፣ ንፋስ እያገኘው፣ በራሱ ጊዜ ነው መድረቅ ያለበት። እኔን ያስተማረኝ ሰውዬ ዓመት ያልከረመ እንጨት አያስነካንም ነበር። የመጀመሪያው የከረመ ነው፤ ያው ኮክ ነው ግን የከረመ። ከየት እንደመጣ ይፈልጉት።»

«ወሩ ሊያልቅ ነው እኮ» አልኩት። ለምን እንደነገርኩት እንጃ፤ ስለ ወንድሜ ምንም አያውቅም።

«እኔም ብዙ ጊዜ የለኝም። ቅዳሜ እመጣለሁ። ከዚያ በኋላ ሆቴሉ ከሌላ ሰው ጋር ይዋዋላል።» በር ላይ ደርሶ ዞር አለ። «ያልተጋገረው እርጥቡ ካለ አይጣሉት፤ ጥላ ሥር ይደርድሩት።»

እሱ ሲወጣ ዱቄቱ ገባ። «ይቅር በይኝ፣ ጭሴ። ዳቦ እንጂ እንጨት ጋግሬ አላውቅም።»

«ጥፋቱ የኔ ነው። እንጨት ለዳቦ ጋጋሪ የሚሰጥ ሰው አለ?»

ያን ዕለት እርጥቡን ኮክ በቆርቆሮው ጣራ ሥር፣ መሬት እንዳይነካ በድንጋይ አስደግፌ፣ በመሃል በመሃሉ ንፋስ መግቢያ እየተውኩ ደረደርኩት። ለቅዳሜ እንደማይደርስልኝ እያወቅኩ ነው የደረደርኩት። እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልችልበትም።

በማግስቱ የጭነት መኪና ደጃችን ላይ ቆመ። ወንድሜ ከጋቢናው ወረደና ሠራተኞቹን አዘዘ፤ የቤቱን ፊት በብሎኬት ሞሉት። ደንበኛ እንኳ መግቢያ አጣ።

«ጋሼ፣ ወሩ መቼ አለቀ?»

«ብሎኬት ቀድሞ ቢመጣ ምን ይጎዳሻል?»

«ማስፈራሪያ ነው?»

«ብሎኬት ነው» አለና ሱሪውን አራግፎ ሄደ።

ባለቤቴ በሩ ይከፈት ብሎ ብሎኬቶቹን ወደ ጎን ሊያሸሽ ጎንበስ አለ። አንዱን ካነሳ በኋላ ቀና ማለት አልቻለም። «ወገቤን» አለ፤ ብሎኬቱን ታቅፎ እንደ ጎበጠ ቀረ። ደግፌ አስገባሁትና ደንበኛ የሚበላበት ክፍል ወለል ላይ ፍራሽ ዘርግቼ አስተኛሁት። ጣራ ጣራውን እያየ ሲያቃስት ቆየ። ከዚያ፣

«ያን ዕለትም እንዲህ ነው ያደረገኝ።»

«የቱን ዕለት?»

«ያንን ግንድ ስጭን። ያቺን ያሳየሽኝን። ወገቤን ቀጨም አድርጎ ያዘኝና መሪውን ተደግፌ ነው እቤት የደረስኩት። ትራስ አምጪልኝ።»

«የት ነው የጫንከው? ትራሱን አመጣለሁ፤ መጀመሪያ ተናገር።»

«የልብስ ስፌት ፋብሪካው የጓሮ በር። አንድ ሽማግሌ ዘበኛ አለ፤ በሩን ዘጋብኝ፣ አንሳልኝ ብሎ ለመነኝ።»

«ኮክ ነበር?»

«ከባድ ነበር።»

ትራሱን ሰጥቼው ወጣሁ።

የፋብሪካው የጓሮ በር ላይ የቆርቆሮ ጎጆ አለች። ጣራዋ ወደ ፊት ወጣ ብሎ ጥላ ይጥላል፤ ጥላው ሥር ሽማግሌው ኮፍያውን ደፍቶ፣ ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ረጅም አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። አግዳሚው አንድ ጣውላ ነው። ጣውላው የተጋደመው ግን እርስ በርስ በተነባበሩ አጫጭር ግንዶች ላይ ነበር፤ ከሥራቸው ድንጋይ፣ በመሃላቸው ንፋስ። ጎንበስ ብዬ በጉማጄ መታ መታ አደረግኳቸው። ቃ፣ ቃ አሉ።

«በሩ እዚያ ነው» አለ ሽማግሌው፤ «እኔን ምን ታንኳኪኛለሽ?»

«አባባ፣ ይሄ እንጨት ምንድነው?»

«አግዳሚ ነው።»

«ሳይቆረጥስ?»

ሬዲዮኑን ዝቅ አደረገ። «ሳይቆረጥማ ኮክ ነበር። እዚሁ ግቢ ነበር፤ ንፋስ ጣለው፤ ካቻምና ነው። ቆራርጠው ወደ ውጭ ወረወሩት። መቀመጫ የሚበቃኝን ያህል ያኔውኑ ሰብስቤ ጥላ ሥር ከተትኩ፤ የተረፈው እዚያ ጥግ ቆይቶ ቆይቶ በኋላ በሩን ሲዘጋብኝ አንድ ወገቡን ይዞ የሚያቃስት ሹፌር ወሰደልኝ።»

«ባሌ ነው።»

«አይዞሽ» አለኝ።

ተቀመጥኩ፤ አጠገቡ፣ በዚያው ጣውላ ላይ። ምድጃዬን፣ ወንድሜን፣ ቅዳሜን፣ ሁሉንም ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና «እና እኔ የምቀመጥበትን ልትማግጂው ነው» አለ።

«ወንበር አመጣልዎታለሁ።»

«ወንበርማ ድርጅቱም ሰጥቶኝ ነበር። የማታው ተረኛ ይዞት ጠፋ። ሌላ ሰጡኝ፤ እሱንም አላገኘሁትም። ይሄን ግን የሚሸከመው ጀግና የለም።»

«የማይሸከሙት ብሠራልዎትስ? በሲሚንቶ፣ ከመሬቱ ጋር የተጣበቀ።»

አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «ጀርባ መደገፊያ አለው?»

«ይኖረዋል።»

«ሲሚንቶ መቀመጫ ያቀዘቅዛል። በዚህ ዕድሜዬ…»

«ጣውላዎትን እላዩ ላይ መልሼ አሥርልዎታለሁ።»

«ማን ነው የሚሠራው?»

«እኔ ነኛ።»

ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። «ባልሽ ወገቡን የሚታመመው ወዶ አይደለም ለካ» አለ።

ሲሚንቶና አሸዋ ሰፈር አለ። ብሎኬት ደግሞ ደጄ ላይ ተቆልሏል። ባለቤቴ መንዳት ስለማይችል ዱቄቱን ጠራሁት፤ ስለ ብስኩቱ እንጨት አሁንም አንገቱን እንደደፋ ነበርና አንዴም አላቅማማ። ስንጭን ግን ቆም አለ።

«ጭሴ፣ ይሄ የማን ብሎኬት ነው?»

«የቤተሰብ ነው። ጫን።»

ሽማግሌው በላዬ ላይ ቆሞ እያዘዘኝ ሠራሁለት። ወደ ግራ አድርጊው፣ ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ይገባል አለ፤ ወደ ግራ አደረግኩት። መደገፊያው ቀጥ አይበል፣ ፖሊስ ጣቢያ የተቀመጥኩ ይመስለኛል አለ፤ ጋደም አደረግኩለት። ኮኩን የሰጠኝ በነጋታው ነው፤ ሲሚንቶው ጠንክሮ፣ ጣውላው ታስሮ፣ ተቀምጦ፣ ጀርባውን ደግፎ፣ ሬዲዮኑን ከከፈተ በኋላ። ግንዶቹን ስንጭን ዞር ብሎም አላየንም።

ስንመለስ ወንድሜ ደጁ ላይ ቆሟል። የቀሩትን ብሎኬቶች ያያል፤ መንገዱን ያያል፤ እኔን ያያል።

«ብሎኬቴስ?»

«ተቀምጠውበታል።»

«እነማን?»

«አንድ ዘበኛ።»

ከቀሩት በአንዱ ላይ ቁጭ አለ። ድምፁን ከፍ የሚያደርገው ሲቆጣ ነው፤ በጣም ሲቆጣ ግን ይንሾካሾካል፤ ይሄኔ ተንሾካሾከ። «አንቺ ልጅ፣ ጤና የለሽም? የእኔን ግድግዳ ወስደሽ ለማታውቂው ሰው መቀመጫ?»

«ጋሼ፣ ስማኝ። ቅዳሜ ሼፉ እምቢ ካለ የጎደለውን ብሎኬት እኔ ገዝቼ እተካለሁ፤ ግድግዳውንም እኔው በገዛ እጄ አቆመዋለሁ። ምድጃዬንም እኔው አፈርሰዋለሁ። ሠራተኛ አትቅጠር።»

አፍጥጦ አየኝ። በልጅነቴ ዛፍ ላይ ወጥቼ አልወርድም ስል እንዲህ ነበር የሚያየኝ። «ምስክር አለሽ?»

«እሰማለሁ» አለ ዱቄቱ፣ ከአጥሩ ወዲያ።

ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ ምድጃው ፊት ነበርኩ። የግንዶቹን ውጫዊ ገላ በመጥረቢያ ላጥኩት፤ ሽማግሌው የጫማውን ጭቃ ሲጠርግባቸው ነው የኖረው። አንዱ ላይ ሚስማር ነበረ፤ ነቀልኩ። ሲፈለጥ ውስጡ ቀይ ሆኖ ወጣ፤ ሽታው ደረቅ ፍሬ ነው፣ ፍሬው ራሱ አይደለም፣ የፍሬ ዘር ሲሰበር የሚሸተው ዓይነት። እፍኝ ከሰል አቀጣጠልኩና በላዩ አንድ ፍልጥ ብቻ ጣልኩ። መጀመሪያ ነጭ፣ ወፍራም ጭስ ወጣ። እሱ እስኪያልፍ ሥጋውን አላስገባሁም።

«አሁን አስገቢው» ይላል ባለቤቴ ከፍራሹ ላይ።

«ገና ነው።»

«ሸተተኝ እኮ።»

«አንተን ነው የሸተተህ። ተኛ።»

ጭሱ እየሳሳ፣ እየሳሳ፣ ወደ ሰማያዊ ሲያደላ ፍርምባውን አስገባሁ። ከዚያ በኋላ ሥራው መጠበቅ ነው። እንጨቱ ሲደክም አንድ እጨምራለሁ፤ የአየር መግቢያውን ጣት በምታህል እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። የተረፈኝን ክምር በዓይኔ ለካሁት። ለዛሬ ይበቃል፤ ለነገም ይበቃል፤ ክረምቱን ግን አያሻግርም። ባለቤቴም ይሄንኑ እያሰላሰለ ኖሯል።

«የዱቄቱን ብስኩት ቀላቅይበት፤ ይበረክትልሻል። ማን ይለየዋል?»

«እኔ እለየዋለሁ።»

«ሼፉ አይለየውም።»

ወይ ፍንክች። ተነስቼ የተጋገረውን እንጨት በጆንያ ሞልቼ በአጥሩ ላይ ለዱቄቱ አቀበልኩት፤ ለዳቦ እሳት ይሁነው። እፊቴ ቢቆይ ከሰዓት በኋላ ላይ እጄ ይሰርቀኝ ነበር።

ወንድሜ ረፋዱ ላይ መጣና ከፊት ያለው ክፍል ውስጥ እጁን አጣምሮ ተቀመጠ። ቀስ በቀስ ጭሱ በበሩ በኩል ይደርሰው ጀመር። ወደ ኋላ ክፍል ስመለስ ስወጣ፣ ወንበሩ በእያንዳንዱ ጊዜ ወደ በሩ ጠጋ ጠጋ ሲል አየሁት። አላየሁም ብዬ አለፍኩ።

ሼፉ ከሰዓት በኋላ መጣ። ፍርምባውን ከምድጃው አውጥቼ አሳረፍኩትና ቆረጥኩለት። ላዩ ጠቁሮ ተጋግሯል፤ ከቅርፊቱ ሥር ሮዝ መስመር ዞሮታል፤ ቢላው ሲያርፍበት ራሱ ወረደ። አንድ ቁራጭ ወሰደ። እኔ ፊቱን አላየሁም፤ ጉሮሮውን ነው ያየሁት። ዋጠ። ሁለተኛ ሳልጋብዘው አነሳ። ከዚያ ሹካውን አስቀመጠ።

«ይሄ ነው።»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ባለቤቴ ከፍራሹ ላይ አጨበጨበ፤ ወገቡ ስላልፈቀደለት አንዴ ብቻ።

«ከመጪው ሳምንት እንጀምር» አለ ሼፉ። «በየሳምንቱ፣ ዓመቱን ሙሉ።»

ወንድሜ ከተቀመጠበት ተነስቶ የሼፉን እጅ ለመጨበጥ እጁን ዘረጋ።

«አይሆንም» አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«እንጨቱ ዓመት አያደርስም። ቆጥቤ ባነደው እስከ ክረምት ነው።»

«ታገኛለች» አለ ወንድሜ ለሼፉ፤ «እንጨት አይጠፋም።»

«እንጨትማ ሞልቷል። የከረመ ነው የሌለው።»

ወንድሜ ክንዴን ይዞ ወደ ኋላ ክፍል ወሰደኝ፤ ምድጃው ጋ። ዳግመኛ ተንሾካሾከ። «አዎ በይውና ይሂድ። ክረምት ሲደርስ ያኔ ይታሰብበታል።»

«ክረምት ሲደርስ ሌላ ነገር እልክለታለሁ። እንግዳው ሳህኑን ይመልሳል፤ እሱ እኔን ይተወኛል፤ አንተ በማግስቱ ብሎኬት ጭነህ ትመጣለህ። ተሳሳትኩ?»

ክንዴን ለቀቀኝ። አልተሳሳትኩም ነበርና።

ተመልሼ ሼፉ ፊት ቆምኩ። «እስከ ክረምት ይሄንኑ እሰጥሃለሁ፤ ዛሬ እንደቀመስከው። እንጨቱ ሲያልቅ አቆማለሁ። ጓሮ ያለው ኮክ ሲከርም እቀጥላለሁ። በመሃሉ ላይ ሌላ ሠርቼ ያው ነው ብዬ አልልክልህም።»

«ሆቴል እንዲህ ዓይነት ውል አይወድም፣ እትዬ።»

«ይገባኛል።»

ሹካውን ጠረጴዛው ላይ ኳ ኳ ያደርጋል። እኔ ቢላዬን እጠርጋለሁ። ወንድሜ በር ላይ ቆሞ ጣራውን ያያል።

«የጓሮውን ያሳዩኝ» አለ ሼፉ በመጨረሻ።

ወሰድኩት። ቆርቆሮው ሥር ገብቶ አንዱን ፍልጥ መዘዘ፣ መዘነ፣ አሸተተ፤ በመደዳዎቹ መሃል እጁን አስገብቶ ንፋሱን ሞከረ። አንዱን መደዳ ወደ ፊት ሳብ አደረገው፤ ግድግዳው ላይ እንዳይጣበቅ ነው አለኝ። ሌሎቹን እኔ ሳብኩ።

«እስከ ክረምት እንዋዋላለን» አለ እጁን እያራገፈ። «ከዚያ ይሄ ሲደርስ መጥቼ አየዋለሁ፤ ያው ከሆነ እንደገና እንዋዋላለን። ሳይደርስ ግን አይጥሩኝ።»

«ሳይደርስ አልጠራህም።»

እሱ ከሄደ በኋላ ወንድሜ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ሥጋ ማንም ሳይጋብዘው ይቆርጥ ጀመር። እያኘከ፣ «እስከ ክረምት ቋሚ አይባልም» አለኝ።

«ተመልሶ የሚመጣ ቋሚ ነው።»

«ምድጃሽ በመሃሉ ባዶውን ይቆማል።»

«ይቁም። ማንንም አልገፋ።»

«ዓመት አልጠብቅም እኔ።»

«ኮኩ ግን ዓመት ይፈልጋል፣ ጋሼ። ጓሮ ነው ያለው፤ ሄደህ አናግረው።»

አንድ ቁራጭ ደገመ። ቅርፊቱን ለብቻው አስቀርቶ መጨረሻ ላይ በላው፤ ከድሮም የሚወደውን ወደ መጨረሻ ነው የሚያቆየው። ጣቱን ጠረገና ተነሳ። «እስከ መጪው ዓመት፣ እሺ። ከዚያ ወዲያ ግን ሌላ ሰበብ እንዳታመጪ።»

«ከዚያ ወዲያማ የዘንድሮው ይደርሳል።»

«ዘንድሮ ያለሽ ያ ጓሮ ያለው ብቻ ነው።»

«ለዚህ እኮ ነው የምወጣው» አልኩት፤ ሽርጤን ፈትቼ መጋዙን ከሚስማሩ እያወረድኩ። ከፋብሪካው ማዶ ባለው ግቢ አጥር ሊያፈርሱ ነው ብሎ ሽማግሌው ነግሮኝ ነበር፤ አጥሩን ተደግፈው የቆሙ ኮኮች አሉ፤ ከሰው ቀድሜ መድረስ አለብኝ።

«ወገቤ ይሻለኝና ሰኞ እወስድሻለሁ» አለ ባለቤቴ ከፍራሹ።

«ሰኞ አናጢው ይወስደዋል። አንተ ተኛ፤ ዱቄቱ ይነዳል።»

ከአጥሩ ወዲያ የዳቦ ቤቱ በር ሲቆለፍ፣ ከዚያም የዱቄቱ እርምጃ ወደ ፒክአፑ ሲመጣ ተሰማ።